ሥሩ ከላይ የሆነ ዛፍ፦ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

ወልቂጤ

ወልቂጤ ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፦ ሲ ላይ ምንም አታስቀምጥ፤ ዲ ላይ አድርገው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ከተደረደሩት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ወጣቱ ጸሐፊ ከኪቦርዱ ቀና እንኳ ሳይል መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ሲበላሽ ፎርማት የሚደረገው ሲ ነው። ዲ አይነካም።» ስለዚህ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የቤት ሽያጭ ውሉ፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ ዘፈኑና ፊልሙ ሁሉ ዲ ላይ ነው። ሲ የማሽኑ ነው፤ ዲ የሰው ነው። ዴስክቶፑ ላይ ግን ሕግ የለም፦ «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ደብዳቤ ፋይናል»፣ «ደብዳቤ ፋይናል የመጨረሻው»። የሚያስቀው ደግሞ ዴስክቶፕ የሚባለው ነገር ራሱ ሲ ውስጥ መሆኑ ነው።

ፊደሉ ከሲ የሚጀምረው ኤ እና ቢ በፍሎፒ ዲስክ ስለተያዙ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1983 ፒሲ ኤክስቲ የተባለውን ማሽን ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ አድርጎ ሲያወጣ ተራው የሲ ሆነ። በፎልደር ውስጥ ፎልደር ማድረግም በማይክሮሶፍት ዶስ የተቻለው በዚያው ዓመት፣ በ2.0 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የአንድ ዲስክ ፋይል ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰጣ ነበር። ፍሎፒን አይቶ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ ኤ እና ቢ ግን አሁንም አልተነኩም።

ዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅሪት ብዙ ነው። «ሲስተም 32» በተባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጡት ባለ 64 ቢት ፋይሎች ናቸው፤ ባለ 32 ቢቶቹ ያሉት ደግሞ ስሙ 64 የሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ያበደ ሰው ሥራ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች «ሲስተም 32» ብለው መጥራት ስለለመዱ ስሙን መንካት ስላልተቻለ፣ ይዘቱን ቀይረው ስሙን ተዉት።

ለሩቅ አገር ድንቅ ግን ሲ እና ዲን አልፎ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያው ቤት ጥግ ኡቡንቱ የተባለ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ሥራው አንድ ነው፤ ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ መጀመሪያ እሱ ላይ መክፈት። ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚተካው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ ሲደርስ እጁን ታስሮ ይጠረጋል።

«ሲ የት አለ?» አልኩት።

«የለም ጋሼ።»

«ዲስ?»

«እሱም የለም። አንድ ዛፍ ብቻ ነው። ፍላሹም ሲሰካ ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀጠልበታል።»

ሥራው ሲቀዘቅዝ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ገባሁ።

የዚያ አገር ሥር ከላይ ነው። ስም የለውም፤ አንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ነው፦ /። ከሥሩ አንድ እርምጃ ከፍ እላለሁ ያለ መንገደኛ ራሱን እዚያው ያገኘዋል፤ የሥሩ ወላጅ ሥሩ ራሱ ሆኖ ነው የተመዘገበው። ከሱ በታች ሃያ የሚሆኑ ቅርንጫፎች አሉ፤ ስማቸው በአብዛኛው ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ፊደል ነው። ስሞቹን ያወጡት ሰዎች በከባድ የቴሌታይፕ ቁልፍ ይጽፉ ስለነበር አንዲት ፊደል ብትቀርላቸው ደስታቸው ነበር።

«/ቢን» ውስጥ ትእዛዞች ይኖራሉ። «/ቡት» ማሽኑ ሲነሣ የሚያስፈልገው ነው። «/ኢቲሲ» የማሽኑ ሕገ ደንብ የተጻፈበት ነው፤ ማሽኑ ማን ይባላል፣ ማን ማን ይገባበታል፣ ሰዓቱ የየት አገር ነው፣ ሁሉም በተራ ጽሑፍ ተጽፎ ይነበባል። «/ሆም» የሰዎች መኖሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በስሙ አንድ ክፍል አለው። አስተዳዳሪው ግን «/ሆም» ውስጥ አይኖርም፤ «/ሩት» የሚባል የብቻው መኖሪያ ከሥሩ አጠገብ አለው። ሹመት ሆኖ አይምሰላችሁ። «/ሆም» በሌላ ዲስክ ላይ ሆኖ ያ ዲስክ ቢበላሽ፣ ሊጠግን የሚመጣው ሰው የሚገባበት ቤት አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

ከዊንዶውስ የመጣ እንግዳ እዚህ ግራ ይጋባል። እዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ የራሱ ግቢ አለው። እዚህ አንድ ፕሮግራም ተበትኖ ይኖራል፤ የሚሠራው አካሉ «/ቢን» ውስጥ፣ ደንቡ «/ኢቲሲ» ውስጥ፣ የየዕለቱ ውሎው «/ቫር» ውስጥ፣ መመሪያው ሌላ ቦታ። መጀመሪያ ሲያዩት ዝርክርክነት ይመስላል። እኔ ግን ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም ዛፉ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቀው «የማን ነህ?» ብሎ አይደለም። ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ትለወጣለህ ወይስ ባለህበት ትቆያለህ? ሁለተኛው፣ ለሌላ ማሽን ልትጋራ ትችላለህ ወይስ የዚህ ማሽን ብቻ ነህ? ትእዛዝ አይለወጥም፣ ይጋራል። የማሽኑ ስም አይለወጥም፣ አይጋራም። የውሎ መዝገብ በየደቂቃው ይለወጣል፣ ለሌላው ማሽንም አይረባም። የዛፉ ቅርንጫፎች በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ናቸው።

ይህ ገብቶት የማሽኑን ቅጂ የሚይዝ ሰው ሁሉን አይሸከምም። «/ሆም»ን እና «/ኢቲሲ»ን፣ ሰርቨር ከሆነም ከ«/ቫር» የሚፈልገውን ይወስዳል፤ የተረፈው ከኢንተርኔት ወይም ከፍላሽ ተመልሶ ይጫናል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ይህን ስነግረው አልገረመውም። ሲ እና ዲ ማለት ይኸው አይደል?

አንዳንዱ ቅርንጫፍ ግን ለማመን ያስቸግራል። «/ፕሮክ» ውስጥ ያሉት ፋይሎች መጠናቸው ዜሮ ነው፤ ሲከፍቷቸው ግን በጽሑፍ የተሞሉ ናቸው። ዲስኩ ላይ የሉም። አንባቢ ሲመጣ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ በዚያች ቅጽበት ጽፎ ያቀርብለታል፤ ማሽኑ ከተነሣ ስንት ሴኮንድ ሆነው፣ ሜሞሪው ምን ያህል ቀረው፣ በአሁኑ ሰዓት ምን ምን ፕሮግራም እየሮጠ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣው ቶም ኪሊያን የተባለ የቤል ላብስ ሰው ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1984 ነው። «/ዴቭ» ውስጥ ደግሞ ዕቃዎች ፋይል መስለው ይኖራሉ፤ ዲስኩም፣ ኪቦርዱም። ከመካከላቸው «ነል» የሚባለው የጣሉበትን ሁሉ ይውጣል፤ ሞልቶም አያውቅም፤ ሲያነቡትም ባዶ ነው። «/ቴምፕ» ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ይጽፍበታል፣ ነገር ግን የሌላውን መሰረዝ አይችልም፤ ብዙ ማሽን ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ተጠርጎ ይጠብቃል።

እኔ እዚያ እየዞርኩ መብራት ሄደ። የአሮጌው ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮ ጠፋ። ልጁ ጀነሬተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ስለ ሌላ ቅርንጫፍ ነገረኝ፤ «የጠፋና የተገኘ» የሚል ስም ያለው ፎልደር አለ። መብራት በድንገት ሲሄድ አንዳንድ ፋይል ስሙ ተቆርጦ አካሉ ብቻ ዲስኩ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ሲነሣ ጠጋኙ ፕሮግራም ዲስኩን ይፈትሽና የማን እንደሆኑ ያልታወቁትን ቁጥር ሰጥቶ እዚያ ያኖራቸዋል። የዛሬዎቹ ዲስኮች ሊጽፉ ያሰቡትን አስቀድመው በማስታወሻ ስለሚይዙ ይህ ፎልደር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። «መብራት ኃይል ባይኖር እኮ ይህን አላውቅም ነበር» አለና ሳቀ።

ከሁሉ የሚረዝመው ታሪክ የ«/ዩኤስአር» ነው። እውነተኛው ተጓዥ ሁሉ በዚህ ቅርንጫፍ ይደናገራል፤ ምክንያቱም ውስጡ ሲገባ ሌላ «ቢን»፣ ሌላ «ሊብ» ያገኛል። አገሩ ውስጥ ያው አገር እንደገና አለ።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሊኑክስን ቅድመ አያት ዩኒክስን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ፒዲፒ-11 የሚባል ማሽን እንዲገዛላቸው የጽሕፈት ሥራ እንሠራበታለን ብለው አሳመኑ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻቸው የድርጅቱ የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ሆኑ፤ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ይተይቡ ነበር። የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ዛፎች በአብዛኛው ከአንድ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ያደጉት ብዬ ለልጁ ብነግረው ደስ አለው። የዚያ ማሽን ዲስክ ግማሽ ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶ እዚያ አትገባም። ኋላ 2.5 ሜጋባይት የሚይዝ ተነቃይ ዲስክ ተጨመረና የተጠቃሚዎቹ ፋይሎች እዚያ ሆኑ፤ «/ዩኤስአር» የተባለው ይህ ነው፤ ያኔ የሰዎች መኖሪያ ነበር። ሲስተሙ ሲያድግ ግን የመጀመሪያው ዲስክ ሞላ። ትእዛዞቹ ፈሰው ወደ ሁለተኛው ዲስክ ገቡ፤ እዚያም «ቢን» ተሠራላቸው። ሰዎቹ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ቦታውን ለፕሮግራሞች ለቀው ወደ «/ሆም» ሄዱ።

ከዚህ አንድ የማያፈናፍን ደንብ ተወለደ። ሁለተኛውን ዲስክ ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ትእዛዝ ራሱ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ለመነሣት የግድ የሚያስፈልጉት «/ቢን»፣ የቀሩት «/ዩኤስአር/ቢን» ይሁኑ ተባለ። ዲስኮቹ ሙዚየም ከገቡ በኋላ ደንቡ ብቻውን አሥርት ዓመታት ኖረ፤ ተማሪዎችም የረቀቀ ፍልስፍና መስሏቸው አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፌዶራ 17 የተባለው ሊኑክስ «ይበቃል» ብሎ ሁለቱን «ቢን» አንድ አደረገ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

ጉብሬ

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ነው። ግቢው አጠገብ ቡና ያዘዝኩበት ጠረጴዛ ዙሪያ የኮምፒውተር ተማሪዎች ነበሩ፤ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ እምቢ ስላለ አንድ ፋይል ይከራከራሉ። ፋይሉ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ስሙ ነው፤ የአንድ ጥናት ሙሉ ርእስ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በአማርኛ።

ጉዳዩ እኛንም የሚነካ ነው። በዛሬው የተለመደ የሊኑክስ ዲስክ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ የለበትም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፤ የግዕዝ ፊደል ሦስት። ስለዚህ ፈረንጅ 255 ሆሄ የሚጽፍበት ቦታ ለእኛ 85 ብቻ ይበቃል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ 255 ፊደላችንን ያስተናግዳል። ለዚህ ነው ወልቂጤ ውስጥ ዊንዶውስ ላይ በሰላም የኖረ ረጅም ስም ዛፉ በር ላይ የሚመለሰው። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ርእስ እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቅ ሰው 85 ፊደል ትንሽ መሆኗን ይረዳል።

ለጉራጌኛ ደግሞ ከዚህም ይጠብባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የጉራጌ ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደሎች ከፊሉ በ2005 ገቡ፤ 28 የሚሆኑት ግን እስከ መስከረም 2021 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። የተሰጣቸውም ቦታ ዳርቻ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ አራት ባይት ይወስዳል። በእነሱ ብቻ ስም ቢጻፍ 63 ላይ ያልቃል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዙራ የቋንቋዎቹን ፎልደር ከፈተችልኝ፤ «/ዩኤስአር» ውስጥ ጠልቆ «ሼር» በሚባለው ሥር ይገኛል። ለየቋንቋው ፋይል አለ፤ የወራቱን ስም፣ የቀናቱን ስም፣ የፊደሉን ተራ ይዞ። አማርኛ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ አሉ። ግዕዝ እንኳ ከነሙሉ ማዕረጉ ተቀምጧል። የጉራጌን ፈለግነው፤ እዚያ ማሽን ላይ አልነበረም።

«የግዕዝ ተናጋሪ ከእኛ ይበዛል እንዴ?» አለች።

እዚያው «ሼር» ሥር ባለው የሰዓት ፎልደር ውስጥ ሌላ ድንቅ አለ። የዓለም ከተሞች በየአህጉራቸው ተቀምጠዋል፤ አፍሪካ ውስጥ አዲስ አበባ አለች። የዓለምን ሰዓት መዝገብ የሚጠብቁት ሰዎች ግን አዲስ አበባን የያዟት ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ማያያዣ አድርገው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ሰዓት ተለያይቶ ስለማያውቅ ሁለቴ መጻፍ አላስፈለጋቸውም። አስመራ፣ ጅቡቲ፣ ሞቃዲሾ፣ ካምፓላና ዳሬሰላምም እንደዚሁ ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ሕብረት የሚሉት ነገር እዚያ ፎልደር ውስጥ በዝምታ ተፈጽሟል።

ተራራው ላይ

ከጉብሬ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉራጌ ተራሮች ሲወጣ መንደሩ መልኩን ያሳያል። መሐሉን ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና ይዘረጋበታል፤ ጀፎረ ይባላል። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው ተሰልፈዋል። ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ወዲያ የቀረው ማሳ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የመስቀል በዓል፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጀፎረው ላይ ይደረጋል፤ ከብትም ይግጥበታል። አጥሩን ወደፊት ገፋ አድርጎ ጀፎረውን የሚቆርስ ሰው በባህሉ ሸንጎ ይጠየቃል፤ ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ የሚባለውን ሕጉን ጠብቆ የኖረው በመሐላና በሽምግልና ነው። ከማያውቁት መንደር የደረሰ እንግዳ በሩ ወዴት እንደሆነ፣ ሰው የሚሰበሰበው የት እንደሆነ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ዛፉም የቆመው እንዲሁ በስምምነት ነው፤ ይህን እዚያ ሳላይ ብጽፈው የሚያምነኝ ባላገኘሁ። ማሽኑ ለቅርንጫፎቹ ስም ግድ የለውም። የሊኑክስ ከርነል ሲነሣ በልማድ የሚሄድባቸው ቦታዎች አራት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በአራቱ ተራ በተራ ይፈልጋል፤ ካገኘ ሥራውን ይቀጥላል፣ ካላገኘ ይወድቃል። «/ሆም» «/መኖሪያ» ቢባል፣ «/ኢቲሲ» ከነጭራሹ ባይኖር ለእሱ ምኑም አይደለም። ግድ የሚላቸው ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሊኑክስ ዓይነቶች ሲበዙ እያንዳንዱ ዕቃውን በፈለገበት ያኖር ጀመር። አንዱ ጋ የሠራ ፕሮግራም ሌላው ጋ ቤቱ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው መነጋገር ጀመሩ፤ የካቲት 14 ቀን 1994 የመጀመሪያው ስምምነት ወጣ። ከዚያ ስሙ ተቀይሮ፣ ወሰኑም ሰፍቶ ለሌሎች የዩኒክስ ዘመዶችም ሆነ፤ ሦስተኛው እትም የታተመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ሲሆን ከቀደሙት አዘጋጆች አንዱ ለነበረውና በዚያው ዓመት ለሞተው ለክሪስቶፈር ዮ መታሰቢያ ተደርጓል። ፖሊስ የለውም፣ ቅጣት የለውም። ያላከበረው ሰው የሚደርስበት ነገር ቢኖር የሌሎች ሰዎች ፕሮግራም እሱ ጋ ሲመጣ መንገድ መጥፋቱ ነው፤ ይህም በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

አፈንጋጮች አሉ። ጎቦ ሊኑክስ የተባለው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፎልደር ሰጥቶ የድሮዎቹን ስሞች ከዓይን ደበቃቸው፤ ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም፣ ቢያጠፋ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይቆምበት ነበር። ኒክስ የተባለው ደግሞ ሁሉን አንድ ጎተራ ውስጥ ከትቶ ከ«/ቢን» አንዲት ፋይል፣ ከ«/ዩኤስአር/ቢን» ሌላ አንዲት ብቻ ለእንግዳ ብሎ ተወ። ከሁሉ የበዛው አፈንጋጭ ግን ኪሳችን ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ሆኖ ሳለ «/ሆም» የሚባል የለውም። በቴሌግራም የወረደ ነገር የት እንደገባ የፈለገ ሰው «ስቶሬጅ»፣ «ኢሙሌትድ»፣ ከዚያ «ዜሮ» የሚል ጎዳና ያያል። ዜሮው የስልኩ ባለቤት ነው፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥሩ ዜሮ ነው።

ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለ መንደር ጀፎረ ዳር ቆመን ሹፌሩ ጎማ ሲያይ፣ አንድ አባት ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ማሽን ውስጥ ስላለ ሰፈር ነው አልኳቸው። «ሽማግሌ አለው?» አሉኝ። ነበረው፣ አንዱ ሞተ አልኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ።

ቡታጅራ

ቡታጅራ ከተራራው ማዶ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘቀዝቀው በኩል ናት። በሰው ቆጠራ ሊቃውንት ዘንድ ስሟ ከኢትዮጵያ ውጭም የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚህ የገጠር ጤና ጥናት ጀመረ። 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌ ተመርጠው የተወለደው፣ የሞተው፣ የገባው፣ የወጣው ሁሉ ቤት ለቤት እየተጠየቀ ለአሥርት ዓመታት ተመዘገበ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሰውን የሚያገኘው በቀበሌው፣ ከዚያ በቤቱ፣ ከዚያ በራሱ ቁጥር ነው። ፈተናውም ሁሌ አንድ ነው፦ ሰው ቤት ይለውጣል። በአድራሻው ብቻ ብታውቀው ቤት የለወጠ ዕለት ሞተም ኖረም ማለት አትችልም።

የዩኒክስ ሰዎች ይህን ፈተና ቀድመው ፈትተውት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ስሙ የለም፤ ፋይሉ ያለው ቁጥር ነው። ስሙን ከቁጥሩ ጋር አጣምሮ የያዘው ፎልደሩ ነው። በአንድ ዲስክ ላይ አንድን ፋይል ከፎልደር ወደ ፎልደር ስናዛውር ይዘቱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚሰረዘውና የሚጻፈው የስም መስመር ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ፊልም በዓይን ጥቅሻ ከፎልደር ወደ ፎልደር የሚሄደው፣ ወደ ፍላሽ ግን ሻይ የሚያስጠጣው። ቁጥሩ ደግሞ ዲስኩን አልፎ አይሄድም። ሁለት ስም ያለው አንድ ቁጥርም ይቻላል። ወይም ደግሞ «የምትፈልገው እዚያ ማዶ ነው» ብሎ የሚያመለክት ማያያዣ በአሮጌው ቦታ መተው ይቻላል፤ ይህ የመጣው በበርክሌይ ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ቡታጅራ አድራሻዋ ሲለወጥ ያየች ከተማ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚለው ማሕተም ከዚህ ወጣ። ቡታጅራም ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ቀጠለች። ገበያው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የክትፎ ቤቱ ወረፋ ግን ካሉበት ፈቀቅ አላሉም። በአጋጣሚ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ፣ ዴቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ወጥቶ ስለ ሁለቱ «ቢን» የነበረው ክርክር እዚያም ተዘግቷል፤ «/ቢን» ከዚያ ወዲህ ወደ «/ዩኤስአር/ቢን» የሚያመለክት ማያያዣ ብቻ ነው።

ከከተማዋ ቢሮዎች በአንዱ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ባለሙያ የጋራውን ኮምፒውተር ሲያስተካክል አገኘሁት። አንድ ሰው አዲሱ አደረጃጀት ሲመጣ በቅንነት ተነሥቶ «ደቡብ ክልል» የሚለውን ፎልደር «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ»፣ በውስጡ ያለውን «ጉራጌ ዞን» ደግሞ «ምሥራቅ ጉራጌ ዞን» ብሎት ነበር። በማግሥቱ በየዴስክቶፑ ላይ የነበረው ሾርትከት ሁሉ ሞተ፤ በየሰነዱ ውስጥ የተያያዙት ሠንጠረዦችም ባዶ ሆኑ። ባለሙያው አዲሶቹን ስሞች አልነካም። በአሮጌዎቹ ስሞች ወደ አዲሶቹ የሚያመለክቱ ማያያዣዎችን ሠራ፤ ዊንዶውስም እንዲህ ማድረግ ይችላል። የሞተው ሁሉ ተነሣ።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን አዩ።

«አሁን ሁለት ደቡብ አለ ማለት ነው?»

«የለም እትዬ፤ አንዱ ስም ብቻ ነው። ማሕደሩ ያለው አዲሱ ውስጥ ነው።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

ባለሙያው የሲን ዲስክ ከፍቶ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አደረገ። «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» የሚል ደብዛዛ ፎልደር ብቅ አለ፤ ሲነካው ፈቃድ የለህም አለው። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰዎቹን ወደ «ዩዘርስ» ሲያዛውር ለአሮጌ ፕሮግራሞች ብሎ የተወው ማያያዣ ነው፤ ዛሬም አለ።

«እንግዲያው ይቆይ» አሉ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። የሚመጣው ያጥፋው፤ ከደፈረ።»